የዝንጅብልና የእርድ ማቀነባበሪያ ማሽኖች፦ ከማድረቂያው ተነሥቶ መምረጥ

ለሥራ ሥርና ለቅመም ሰብል የማቀነባበሪያ መስመር የሚነድፍ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከወፍጮው ወይም ከመቁረጫው ነው። መጀመር ያለበት ግን ከማድረቂያው ነው። መቁረጫው በሰዓት 250 ኪሎ እየቆረጠ ማድረቂያው በአንድ ዙር 200 ኪሎ ብቻ የሚይዝ ከሆነ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ የሚቆረጠው ሁሉ ክምር ላይ ይቀራል። የተቆረጠ ዝንጅብል ደግሞ ተከምሮ ማደር አይችልም፤ ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ይሻግታል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከማድረቂያው ተነሥቶ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ መቁረጫውና ወደ ማጠቢያው ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ወፍጮው ይሻገራል። ስሌቱ በአንድ ዙር 200 ኪሎ ትኩስ ምርት ለሚያስተናግድ አነስተኛ ማቀነባበሪያ የተሠራ ነው፤ ለሌላ መጠን ቁጥሮቹን ማባዛት ወይም ማካፈል ይበቃል።

የውኃው ሂሳብ

ትኩስ ዝንጅብል ከክብደቱ ከ80 እስከ 85 በመቶው ውኃ ነው፤ ትኩስ እርድ ከ75 እስከ 80 በመቶ። ሁለቱም ያለ ሥጋት የሚከማቹት እርጥበታቸው ወደ 10 በመቶ ሲወርድ ነው። 82 በመቶው ውኃ በሆነ 200 ኪሎ ዝንጅብል ውስጥ ያለው ደረቅ አካል 36 ኪሎ ነው። 36 ለ0.9 ሲካፈል 40 ይሆናል። ስለዚህ 200 ኪሎ ገብቶ 40 ኪሎ ይወጣል፤ 160 ኪሎ ውኃ ተንኖ መሄድ አለበት። ልጣጩ ከተላጠ ደረቁ ከ40 ኪሎም ያንሳል።

አንድ ኪሎ ውኃ ለማትነን 2.4 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። ለ160 ኪሎ 384 ሜጋጁል፣ ማለትም 107 ኪሎዋት ሰዓት ይመጣል። ይህ ምንም ሙቀት ሳይባክን ነው። በማገዶ፣ በጋዝ ወይም በተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የሚሠራ ማድረቂያ ከዚህ ባነሰ ጉልበት ይሠራል ተብሎ ከቀረበልዎ ቁጥሩን አይቀበሉት።

ማድረቂያ

ፀሐይ ላይ ማስጣት ማሽን አይፈልግም፤ የሚፈልገው ሰፊ ቦታ፣ የሰው እጅና ዝናብ የማይጥልበት ወቅት ነው። ተቀቅሎ ሙሉውን የሚሰጣ እርድ ከ5 እስከ 7 ሳንቲሜትር ውፍረት ተዘርግቶ ከ10 እስከ 15 ቀን ይወስዳል። ትልቁ ጉዳት ያለው ሌሊት ላይ ነው። ቀን የወጣው እርጥበት ማታ በከፊል ይመለሳል፤ ምርቱ ለሻጋታ በሚመች እርጥበት ላይ ለብዙ ቀናት ይቆያል። አስፐርጊለስ የተባለው ሻጋታ አፍላቶክሲን የሚያመርተው በዚህ ጊዜ ነው። መርዙ ሻጋታው ቢጠረግ፣ ምርቱ ቢፈጭ ወይም ቢቀቀል አይለቅም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለዝንጅብልና ለእርድ የሚፈቅደው አፍላቶክሲን ቢ1 በኪሎ 5 ማይክሮግራም፣ ጠቅላላ አፍላቶክሲን ደግሞ በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው፤ ይህ እጅግ ጠባብ ወሰን ነው። በእርድ ላይ ሌላም ችግር አለ፦ ቀለሙን የሚሰጠው ኩርኩሚን ብርሃን ሲያገኘው ይደበዝዛል።

የላስቲክ ዋሻ ወይም የላስቲክ ቤት ማድረቂያ ከዚህ በእጅጉ ይሻላል፤ ዝናብ፣ አቧራና ወፍ ያግዳል፣ ሙቀትም ያጠራቅማል። ስፋቱን ለማስላት በጠራ ቀን አንድ ካሬ ሜትር ላይ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ጉልበት ያርፋል ብለው ይነሡ። ከዚህ 30 በመቶው ለማትነን ቢውል በካሬ ሜትር በቀን 2.2 ኪሎ ውኃ ይወጣል። 160 ኪሎ ውኃ በሁለት ቀን ለማውጣት 36 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል ማለት ነው። የዚህ ንድፍ የተለመደ ስሕተት የአየር መውጫውን ማጥበብ ነው። ውስጡ የበለጠ ይሞቅ ተብሎ መውጫው ይደፈናል፤ እንፋሎቱ መሄጃ ያጣና ማታ ላስቲኩ ላይ ጠብታ ሆኖ ተመልሶ ምርቱ ላይ ይንጠባጠባል። በፀሐይ ፓኔል የሚዞር አነስተኛ ማራገቢያ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ እሱም ይበረታል። ለእርድ ከምርቱ በላይ ጥቁር ጨርቅ ወይም ጥቁር ላሜራ ይዘርጉ፤ ሙቀቱ ይደርሰዋል፣ ብርሃኑ አይደርሰውም።

ባለ ትሪ ካቢኔ በምድጃ ወይም በጋዝ እየሞቀ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ለ200 ኪሎ የሚሆነውን እንንደፈው። ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር ሆኖ የተቆረጠ ዝንጅብል በአንድ ካሬ ሜትር ትሪ ላይ 5 ኪሎ ቢጫን 40 ካሬ ሜትር ትሪ ይፈለጋል። 1 ሜትር በ80 ሳንቲሜትር የሆኑ 50 ትሪዎች ማለት ነው። በ10 ሳንቲሜትር ርቀት 17 ትሪ የሚይዙ ሦስት ጋሪዎች ቢሠሩ ቁመታቸው 1.7 ሜትር ይሆንና ሰው ሳይንጠራራ ይሠራባቸዋል።

አየሩን እንቁጠር። 160 ኪሎ ውኃ በ16 ሰዓት ለማውጣት በሰዓት 10 ኪሎ መነሣት አለበት። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድና 60 በመቶ እርጥበት ያለው የውጭ አየር 55 ዲግሪ ሲሞቅ፣ እያንዳንዱ ኪሎ አየር በተግባር በአማካይ 6 ግራም ያህል ውኃ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በሰዓት 1,670 ኪሎ ወይም 1,600 ኪዩቢክ ሜትር ገደማ አዲስ አየር ያስፈልጋል፤ እሱን ለማሞቅ 14 ኪሎዋት። በ2,000 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የማራገቢያው መጠን በሩብ ይጨመር።

ብዙ ንድፍ የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። 1,600 ኪዩቢክ ሜትር አየር 1 ሜትር ስፋትና 1.7 ሜትር ቁመት ባለው የትሪ ፊት ላይ ሲበተን ፍጥነቱ በሰከንድ 26 ሳንቲሜትር ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት መካከል ያሉት ትሪዎች እርጥብ እንደሆኑ ይቀራሉ። በትሪዎቹ መካከል ወደ 1 ሜትር በሰከንድ የሚጠጋ ፍጥነት ለማግኘት በካቢኔው ውስጥ በሰዓት 6,000 ኪዩቢክ ሜትር መዞር አለበት። መፍትሔው ትልቅ ማራገቢያ አየሩን በውስጥ እንዲያሽከረክር ማድረግና ከዚያ ውስጥ ሩብ ያህሉን ብቻ በአዲስ አየር መተካት ነው። መጀመሪያ ላይ መግቢያና መውጫው በሰፊው ይከፈታል፤ ምርቱ ግማሽ መንገድ ከደረቀ በኋላ የሚወጣው አየር ገና ደረቅ ስለሆነ መዝጊያው እየጠበበ ይሄዳል። ሙቀት የሚቆጠበው በዚህ ነው። ሦስቱ ጋሪዎች በተከታታይ ስለሚቆሙ የመጨረሻው ጋሪ ሁልጊዜ እርጥብ አየር ይደርሰዋል፤ በየ4 ሰዓቱ የፊቱንና የኋላውን ጋሪ ማቀያየር ግድ ነው።

የምድጃው ጭስ ምርቱን በቀጥታ መንካት የለበትም። ጭስ ሽታ ከመተው አልፎ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ካንሰር አምጪ ውሕዶችን ይተዋል። ስለዚህ የሙቀት መለዋወጫ ቱቦ ያስፈልጋል፤ ጭሱ በቱቦው ውስጥ፣ ንጹሕ አየሩ በውጭ። አዲሱን አየር የሚገፋው ማራገቢያ ከመለዋወጫው በፊት ይቀመጥ እንጂ ከኋላው ሆኖ አይሳብ። እንዲህ ሲሆን የንጹሕ አየሩ ግፊት ከጭሱ ይበልጣል፤ አንድ ቀን ብየዳው ቢሰነጠቅ አየር ወደ ጭሱ ይወጣል እንጂ ጭስ ወደ ምርቱ አይገባም። የማገዶውን መጠንም አስቀድመው ይወቁ። የምድጃውና የመለዋወጫው ብቃት 50 በመቶ ቢሆን፣ ደረቅ እንጨት በኪሎ 15 ሜጋጁል ቢሰጥ፣ የሞቀው አየር ተመልሶ ሳይዞር በሰዓት 6.8 ኪሎ፣ በ16 ሰዓት 110 ኪሎ ማገዶ ይነዳል። ለ40 ኪሎ ደረቅ ዝንጅብል 110 ኪሎ እንጨት ብዙ ነው።

ሂት ፓምፕ ማድረቂያ ከአየሩ ላይ ውኃውን አቀዝቅዞ ያወርድና ያንኑ ሙቀት መልሶ ይጠቀምበታል። በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከ1 እስከ 3 ኪሎ ውኃ ማውጣት ይችላል፤ ተራ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግን በንድፈ ሐሳብ እንኳ ከ1.5 ኪሎ አያልፍም። ከ40 እስከ 55 ዲግሪ ስለሚሠራ የዝንጅብል ሽታ በደንብ ይጠበቃል። ኤሌክትሪክ የሚቆራረጥበት ቦታና የማቀዝቀዣ ጋዝ የሚያውቅ ጥገና ባለሙያ የሌለበት አካባቢ ግን አይግዙት፤ ሲቆም ሙሉ ዙሩን ይዞ ይቆማል።

ለአብዛኛው አነስተኛ ማቀነባበሪያ የምንመክረው የላስቲክ ቤትንና የምድጃ ካቢኔን አንድ ላይ ነው። የመጀመሪያው ውኃ በቀላሉ ስለሚወጣ በፀሐይ ይውጣ፤ ማታና መጨረሻው በካቢኔው ይጠናቀቅ። ግማሹ ውኃ በፀሐይ ከወጣ ማገዶው በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ አፍላቶክሲን የሚያሠጋበትን የሌሊት ክፍተትም ካቢኔው ይዘጋዋል።

ስለ ሙቀት መጠን አንድ ነገር። ለዝንጅብልም ለእርድም አየሩ ከ60 ዲግሪ እንዳያልፍ ይደረጋል፤ ከዚያ በላይ ሽታውን የያዘው ተናኝ ዘይቱ ይሄዳል፣ የማቃጠል ጣዕሙን የሚሰጠው ጂንጀሮል ሾጋኦል ወደሚባል ሌላ ውሕድ መቀየሩም ይፋጠናል። አደጋው ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል አይደለም። እርጥብ ቁራጭ ውኃ እየተነነለት ራሱን ስለሚያቀዘቅዝ፣ አየሩ 60 ቢሆንም እሱ 30 ዲግሪ አካባቢ ይቆያል። ውኃው ሲያልቅ የቁራጩ ሙቀት ከአየሩ ጋር ይስተካከላል። ስለዚህ በ60 ጀምሮ በመጨረሻዎቹ ሰዓታት ወደ 50 ማውረድ፣ በ50 ጀምሮ ለመጨረስ ሲባል ወደ 65 ከማውጣት እጅግ ይሻላል። ብዙ ሠራተኞች የሚያደርጉት ግን ሁለተኛውን ነው።

መቁረጫ

የቁራጩ ውፍረት የማድረቂያውን ጊዜ ይወስናል። ውኃው ከውስጥ ወደ ገጽ በሚጓዝበት ደረጃ ላይ የመድረቂያው ጊዜ በውፍረቱ ስኩዌር ያድጋል፤ ከ3 ወደ 5 ሚሊሜትር ሲሄድ ጊዜው 2.8 እጥፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከመቁረጫ የሚፈለገው ዋና ነገር እኩልነት ነው፤ ፍጥነት ሁለተኛ ነው። ግማሹ 2፣ ግማሹ 6 ሚሊሜትር ሆኖ ከተቆረጠ ስሱ ሲያር ወፍራሙ ገና እርጥብ ነው።

ሁለት የተለመዱ ንድፎች አሉ። በጠፍጣፋ የሚዞር ዲስክ ላይ ምርቱ ከላይ በክብደቱ ይወርዳል። ቀላልና ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ጠማማው ዝንጅብል በቢላዋው ፊት ስለሚገላበጥ ውፍረቱ ይለያያል። በቆመ ዲስክ ላይ ደግሞ ምርቱ በቱቦ ውስጥ በገፊ ተይዞ ይቀርባል። ይህ ቀርፋፋ ነው፣ ውፍረቱ ግን ይታመናል። ለዝንጅብል ሁለተኛው ይመረጥ። ለካሳቫና ወፍራም ለሆነ ሥራ ሥር የመጀመሪያው ይበቃል።

አቅሙን እንዲህ ያስሉ። 1,440 ዙር የሚዞር ሞተር በ75 እና በ300 ሚሊሜትር ፑሊ በቺንጋ ሲያያዝ ዲስኩ 360 ዙር ይዞራል። ሁለት ቢላዋ ካለው በደቂቃ 720 ቁራጭ ይቆርጣል፤ እያንዳንዱ 4 ሚሊሜትር ቢሆን በደቂቃ 2.88 ሜትር ርዝመት ይበላል። የቱቦው ስፋት 80 ካሬ ሳንቲሜትር ሆኖ በዝንጅብል የሚሞላው 40 በመቶው ብቻ ቢሆን በሰዓት 550 ኪሎ ይወጣል። ይህ ወረቀት ላይ ነው። ሠራተኛ ሲሞላ፣ ገፊው ሲመለስ፣ ቱቦው ሲደፈን ግማሹን ያህል ያገኛሉ። ለዚህ ከ0.75 እስከ 1.5 ኪሎዋት ሞተር ይበቃል፤ ትልቅ ሞተር የደነዘ ቢላዋን ከመደበቅ በቀር ጥቅም የለውም።

ቢላዋውን ወደ ዲስኩ መሐል ቀጥ አድርጎ ከማሠር ወደ 30 ዲግሪ ማጋደም ይሻላል፤ ያኔ አይጨፈልቅም፣ እየተንሸራተተ ይቆርጣል። የውፍረቱ ማስተካከያ ከቢላዋው በታች የሚገቡ ስስ ላሜራዎች ይሁኑ፤ በቡሎን ብቻ የሚስተካከል ቢላዋ በንዝረት ይፈታል። ቢላዋ መደነዙን የሚነግርዎ ሁለት ምልክት አለ። የቁራጩ ጠርዝ ላይ እንደ ጢም የወጣ ጭረት (ቃጫ) ይታያል፤ የዲስኩ ቤት ወለልም በጭማቂ ይርሳል። ያ ጭማቂ የዝንጅብሉ ዘይትና ጣዕም ነው።

የመቁረጫ አቅጣጫም ይመረጣል። የዝንጅብል ጭረት በጣቱ ርዝመት ይሄዳል። አግድም ከተቆረጠ ጭረቱ ያጥራል፣ ውኃውም በጭረቶቹ ጫፍ ቶሎ ይወጣል፣ በኋላም የወፍጮውን ወንፊት አይደፍንም። በቁመት የተቆረጠ ቁራጭ ትልቅና ለዓይን የሚያምር ነው፤ ለዱቄት ግን ችግር ነው፤ ረጃጅሙ ጭረት በወንፊቱ ቀዳዳ ላይ ይጠላለፋል። ለዱቄት ከሆነ ሁልጊዜ አግድም።

ዲያሜትሩ 10 ሳንቲሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ እጅ ይገባል። ከቱቦው አፍ እስከ ቢላዋው 85 ሳንቲሜትር ርቀት ይኑር፤ ይህን ያህል ቦታ ከሌለ ክዳኑ ሲከፈት ሞተሩን የሚያቆም ማብሪያ ማጥፊያ ይግባበት። ይህ በኋላ የሚጨመር ነገር አይደለም።

የእርድ ማብሰያ

እርድ የሚቀቀለው ስታርቹ እንዲበስል፣ ቀለሙ በሙሉ አካሉ እኩል እንዲሆን፣ ቡቃያው እንዲሞትና ቶሎ እንዲደርቅ ነው። ክፍት ጋን ላይ ሲቀቀል ከ45 እስከ 60 ደቂቃ፣ በእንፋሎት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በሙቀት በኩል ልዩነቱ ግልጽ ነው። 100 ኪሎ እርድን ከ25 ወደ 95 ዲግሪ ማሞቅ 26 ሜጋጁል ይፈልጋል፤ እሱን የሚሸፍን 100 ኪሎ ውኃ ማሞቅ ደግሞ ሌላ 29 ሜጋጁል። በእንፋሎት ግን 12 ኪሎ ያህል እንፋሎት፣ ብክነቱ ሲጨመር እስከ 20 ኪሎ፣ ይበቃል። የጋኑ ውኃ ለሚቀጥለው ዙር ቢያገለግልም ከጥቂት ዙር በኋላ አፈርና ስታርች ይከማችበታል፣ ምርቱንም ያጠቁራል።

የእንፋሎት ማብሰያ ከመረጡ የምርቱ ገንዳ ለአየር ክፍት ይሁን፤ ግፊት የሚይዝ ድስት አያስፈልግም። ቦይለሩ የግፊት መለኪያ፣ የውኃ መጠን ማሳያ መስታወትና ሴፍቲ ቫልቭ ይኑረው፤ በቦይለሩና በሴፍቲ ቫልቩ መካከል ምንም መዝጊያ አይግባ። የገንዳው ወለል ቀዳዳ ያለው ድርብ ላሜራ ሆኖ የሚጠራቀመው ውኃ በታች ይውጣ፤ አለበለዚያ የታችኛው እርድ በውኃ እየተቀቀለ የላይኛው ጥሬ ይቀራል።

እናቱ (መካከለኛው ወፍራም ሥር) እና ከእሷ የወጡት ጣቶች አንድ ላይ አይቀቀሉ፤ ጣቱ ሲላሽቅ እናቱ ከመሐል ጥሬ ነች። መብሰሉን ደነዝ እንጨት በመውጋት ያረጋግጡ፤ ያለ ትግል መግባት አለበት። ያልበሰለው ሲደርቅ ይሰባበራል፣ ከልክ ያለፈው ቀለሙን ያጣል።

የሚሸጠው ዱቄት ብቻ ከሆነ ግን ሙሉውን ቀቅሎ ለሁለት ሳምንት ከማስጣት ቀቅሎ ወይም በእንፋሎት ለጥቂት ደቂቃ ነክሮ፣ ቆርጦ ማድረቅ የተሻለ ነው። የማድረቂያው ጊዜ በጣም ያጥራል፤ ማለስለሻ ማሽንም አያስፈልግም።

ሙሉ ደረቅ ጣት ለሚሸጥ ማለስለሻ ከበሮው 90 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ኖሮት በደቂቃ 30 ዙር ቢዞር ጥሩ ነው። ልጣጩን የሚያነሣው የከበሮው ሻካራ ወንፊትና የጣቶቹ እርስ በርስ መፋተግ ነው። ቢጫ እንዲደምቅ ምንም ዓይነት የቀለም ዱቄት አይጨመር፤ ለዚህ ሲባል የሚጨመረው የእርሳስ ክሮሜት የልጆችን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ነው።

ማጠቢያና መላጫ

ለማጠቢያ ከበሮ ይሻላል፤ ብሩሽ ያለው ማጠቢያ ለዝንጅብል ጣቶች ጥግ አይደርስም፣ ይሰብራቸዋልም። የከበሮው ፍጥነት ምርቱ ከግድግዳው ተለጥፎ ከሚዞርበት ወሰን በታች መሆን አለበት። ያ ወሰን 42.3 በዲያሜትሩ (በሜትር) ካሬ ሥር ሲካፈል ይገኛል፤ ለ80 ሳንቲሜትር ከበሮ 47 ዙር ነው። ለማጠብ የዚህ ሲሶ፣ ማለትም 16 ዙር ይበቃል። 1 ለ30 የሆነ ጌር ቦክስና 1 ለ3 ካቴና ይህንኑ ይሰጣሉ። ከመታጠቡ በፊት ዝንጅብሉ ለግማሽ ሰዓት ይነከር፤ የደረቀ ጭቃ በርጭት ብቻ አይለቅም።

ስለ መላጫ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ለዱቄት ወይም ዘይቱ ለሚወጣ ዝንጅብል መላጫ አይግዙ። የዘይት ሕዋሳቱ በብዛት ያሉት ከልጣጩ ሥር ነው፤ ሻካራ ከበሮ ያወጣውን ያወጣል፣ በጣቶቹ ጥግ ያለውን ልጣጭ ግን ይተወዋል። ጥጉ እስኪጸዳ ካዞሩት ጎኑ ይመነምናል። ተላጦ እንዲሸጥ የሚጠየቅ ከሆነ ጣቶቹ መጀመሪያ ይገነጣጠሉ፤ ከዚያ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚሄዱ ሁለት ሻካራ ቀበቶ ያለው መላጫ ከከበሮው የበለጠ እኩል ይልጣል። የሚረግፍ አሸዋ ያለው ሻካራ ጨርቅ ሳይሆን የተበሳ የአይዝጌ ላሜራ ይጠቀሙ።

በዚሁ መስመር ካሳቫ ለመጨመር ያሰበ ሰው መቁረጫው እንደማይበቃው ይወቅ። ካሳቫ ሊናማሪን የተባለ ሳያናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር አለው፤ ሳያናይዱ የሚወጣው ሕዋሱ ሲደቅ ነው። ስለዚህ መፋቂያና መጭመቂያ ያስፈልጋል። ዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለካሳቫ ዱቄት የሚፈቅደው ሃይድሮሳያኒክ አሲድ በኪሎ ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም።

ወፍጮ

ወደ ወፍጮ የሚገባው ጉልበት ከሞላ ጎደል ሁሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል፤ ሙቀቱ ደግሞ ተናኝ ዘይቱን ይዞ ይሄዳል። ወፍጮ ቤቱ በጣም ሲሸት የምርቱ ሽታ እየጠፋ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወፍጮ ሲመረጥ የሚጠየቀው በሰዓት ስንት ኪሎ ብቻ ሳይሆን ዱቄቱ በስንት ዲግሪ ይወጣል የሚለው ነው። ከ45 እስከ 50 ዲግሪ ካለፈ ንድፉን ይመርምሩ።

የመዶሻ ወፍጮ ጠንካራ ነው፣ ማንም ብየዳ ቤት ይጠግነዋል። 40 ሳንቲሜትር ዲያሜትር ያለው በ3,000 ዙር የመዶሻው ጫፍ 63 ሜትር በሰከንድ ይሄዳል፤ ለቅመም ይህ በቂ ነው። ድክመቱ ወንፊቱ ነው፤ ዱቄቱ በወንፊቱ እስኪያልፍ ደጋግሞ ይመታል፣ ይግላል። የፒን ወፍጮ (በፍጥነት በሚዞሩ ብዙ የብረት ፒኖች የሚያደቅ) ወንፊት የለውም፤ አንዴ አልፎ ይወጣል፣ የዝንጅብል ጭረትም አይደፍነውም። ነገር ግን ብረት ቢገባበት ፒኖቹ ይረግፋሉ፣ ትልልቅ ቁራጭም አይቀበልም። የድንጋይ ወይም የብረት ዲስክ ወፍጮ በመፋተግ ስለሚሠራ ከሁሉም በላይ ያሞቃል፤ የተበላው ዲስክም ዱቄቱ ውስጥ ይገባል። ለቅመም አንመክረውም።

ደረቅ እርድ እንደ ድንጋይ ስለሚጠነክር በአንድ ጊዜ መፍጨት ወፍጮውን ያቃጥለዋል። በመዶሻ ወፍጮ ከ5 እስከ 8 ሚሊሜትር ወንፊት አስቀድሞ መሰባበር፣ ከዚያ በፒን ወፍጮ ወይም በ0.8 ሚሊሜትር ወንፊት ማድቀቅ ሙቀቱን ይከፋፍለዋል። በወፍጮው ውስጥ አየር የሚስብ ማራገቢያና ዱቄት የሚሰበስብ ሳይክሎን ዱቄቱን ቶሎ ያወጣዋል፤ ለማቀዝቀዝም ርካሹ መንገድ ይህ ነው። እርጥበቱ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ ምርት አይፈጭ፤ ወንፊቱ ላይ ይለጠፋል። በማለዳ፣ አየሩ ሳይሞቅ መፍጨትም ይረዳል።

የተቃራኒ መዶሻዎች ክብደት በሚዛን ይለካ። የጥቂት ግራም ልዩነት በ3,000 ዙር ወደ ንዝረት ይለወጣል፤ ኩሽኔታ የሚያልቀው በዚህ ነው። አንድ መዶሻ ሲቀየር ከፊት ለፊቱ ያለው አብሮ ይቀየር። ከወፍጮው አፍ በላይ ማግኔት ይቀመጥ፣ የወፍጮው አካልም ከመሬት ጋር በሽቦ ይያያዝ፤ በአየር የተበተነ የቅመም ዱቄት ብልጭታ ካገኘ ይቀጣጠላል።

ብረቱና ኩሽኔታው

እርጥብ ምርት የሚነካው ሁሉ 304 የተባለው የአይዝጌ ብረት ዓይነት ይሁን። ተራ ብረት ከዝንጅብል ፖሊፌኖል ጋር ተገናኝቶ ቁራጩን ያጠቁራል፤ ዚንክ የተቀባ ላሜራ በአሲድ ይሟሟል፤ ነሐስና እርሳስ ያለው ብየዳ ፈጽሞ አይገባም። ምርቱን የማይነካው እግርና ማቀፊያ ተራ ብረት ሆኖ ቀለም ይቀባ፤ ገንዘቡን ለማድረቂያው ያውሉት።

ለመቁረጫና ለማጠቢያ 30 ሚሊሜትር ዘንግና ዩሲፒ 206 ኩሽኔታ ብዙውን ሥራ ይችላል። ኩሽኔታው ከምርቱ ቤት ግድግዳ ላይ አይጣበቅ፤ ከ3 እስከ 5 ሳንቲሜትር ክፍተት ይኑረው። ጭማቂ ሲያልፍ በዚያ ክፍተት መሬት ይንጠባጠባል እንጂ ኩሽኔታው ውስጥ አይገባም፤ ግሪስም ወደ ምርቱ አይመለስም።

ከመረከብዎ በፊት

ማሽኑን ባዶውን ሲዞር አይተው አይረከቡ። ቢያንስ አንድ ሰዓት በሙሉ ጭነት ይሥራ። ከመቁረጫው 50 ቁራጭ አንሥተው በካሊፐር ይለኩ፤ ከ10 በላይ የሚሆኑት ከተፈለገው ውፍረት በ1 ሚሊሜትር ከራቁ ቢላዋው ወይም አቀራረቡ ይስተካከል። የሞተሩን አምፔር ሰሌዳው ላይ ከተጻፈው ጋር ያወዳድሩ፤ ኩሽኔታው ከአንድ ሰዓት በኋላ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ አሰላለፉ ጠማማ ነው።

ማድረቂያውን ለመፈተን በላይ፣ በመሐልና በታች፣ በፊት፣ በመካከልና በኋላ ጋሪ ዘጠኝ ትሪዎችን ምልክት አድርገው እያንዳንዱ ላይ 4 ኪሎ ይጫኑ። ውኃው 82 በመቶ ከሆነ 4 ኪሎው 800 ግራም ሲደርስ እርጥበቱ 10 በመቶ ነው። ዘጠኙ ትሪዎች በተመሳሳይ ሰዓት ሲመዘኑ ልዩነታቸው ከ100 ግራም ካለፈ አየሩ እኩል አልተዳረሰም፤ በአየር መግቢያው ላይ የሚመሩ ላሜራዎችን በማስገባት ይስተካከላል። እርጥበቱን በላቦራቶሪ ሲያረጋግጡ በ105 ዲግሪ ምድጃ የተለካን ውጤት አይመኑ፤ ተናኝ ዘይቱም አብሮ ስለሚተን ምርቱ ከሆነው በላይ እርጥብ መስሎ ይታያል። ለቅመም የተዘጋጀው ዓለም አቀፍ የመለኪያ ዘዴ አይኤስኦ 939 ውኃውን ለብቻው ለይቶ ይለካል፤ ምርት የሚቀበለው ወገን በየትኛው ዘዴ እንደሚለካ አስቀድመው ይጠይቁና ማድረቂያውን በዚያ መሠረት ያቁሙ።